ቤታችን የተሳበበት እሁድ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ወላሂ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ ይህ ሱቄ ከነቆርቆሮው፣ ከነሚስማሩ፣ ከነሲሚንቶው ይደርመስብኝ። ሱቄ ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ የሚማሉበት ሱቅ አይደለም። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዱራሜም ወዲያ ማዶ፣ የሕንፃ ዕቃ የቸገረው ሰው የሚላከው ወደ እኔ ነው። “የሃቢባ ሱቅ በየት በኩል ነው?” ብላችሁ ብትጠይቁ ያገኛችሁት ሁሉ “ቀጥ ብላችሁ ሂዱ” ይላችኋል። ከተማችን ውስጥ ቀጥ ያለ መንገድ የለም፤ ሁሉም ወይ ይወጣል፣ ወይ ይወርዳል፣ ወይ ይጠመዘዛል። ቢሆንም ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ እኔ ጋ ትደርሳላችሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ኤሊያስ የሚባል ወጣት ግንበኛ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ እያባረረው ሱቄ ገባና ቱንቢ ጠየቀኝ። ቱንቢ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ሾጠጥ ያለ ብረት ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ብሎ መቆሙ የሚታየው ከላይ እሱን ለቅቆ ነው።

“ዛሬማ በጨረር መብራት ነው የሚለካው፣ እትዬ ሃቢባ” አለኝ ውኃውን ከፀጉሩ እያራገፈ። “አሠሪዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ቱንቢ ካላዩ አያምኑኝም።”

“ቱንቢን እንዲህ አትናቀው። እኔ በሰባት ዓመቴ በእሱ አንድ ሙሉ ቤት አዝምሜአለሁ።”

“አቁሜአለሁ ለማለት ነው?”

“አዝምሜአለሁ! የምለውን አውቃለሁ።”

ሳቀና በሩ አጠገብ ሻይዋን ይዛ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረ። ወይንሸት ናት። በልጅነታችን ጎረቤታሞች ነበርን፤ ቤቶቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። ብዙ ዘመን ዱራሜ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ተመልሳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ሻይ ትጠጣለች።

“መምህር፣ እውነታቸውን ነው?” አላት።

“ምስክሬ እሷ ናት!” አልኩ እሷ ሳትመልስ። “ዓይኗ እያየ የሆነ ነው።”

ወይንሸት ሻይዋን እፍ አለችበትና “ንገሪው እስቲ” አለች። ነገርኩት።

አባቴ ናስረዲን ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ ሆሳዕና ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። በእግሩ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በጭነት መኪናም ሊሆን ይችላል፤ ግን አባቴን የምታውቁት ቢሆን በእግሩ እንደሚመጣ ታምኑ ነበር። ከፊት ሱቁ ነው፣ ከኋላ እኛ እንኖራለን። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። በእኔ ዓይን ግን ቤተ መንግሥት ነበር፤ ጨው በጆንያ፣ ስኳር በጆንያ የሚገባበት ቤት ሌላ ምን ይባላል?

ከጎናችን የወይንሸት አባት፣ አቶ ወልደ ማርያም ይኖሩ ነበር። ከሰሜን ለሥራ መጥተው የቀሩ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ የሚኖሩትም በቀበሌ ቤት ነበር። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለች ቀጭን መተላለፊያ ደግሞ የእኛ የልጆቹ አገር ናት። ከሥር አንድ በሬ ከነቀንዱ ያሳልፋል፤ ቀና ብላችሁ ስታዩ ግን የሁለቱ ቤቶች የቆርቆሮ ጠርዞች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው። ነፋስ በመጣ ቁጥር አንዱ ቆርቆሮ ሌላውን እንደ ከበሮ ይመታዋል። እኔ ቤቶቹ የሚዋደዱ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ደመናው ሲጠራቀም፣ ሁለት የቀበሌ ሰዎች መጡ። እኔ ከጨው ጆንያ ጀርባ ተደብቄ ስኳር እየላስኩ ነበር። ሰዎቹ መተላለፊያዋ ውስጥ ገብተው ቀና አሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ አንደኛው በጡጫው ግድግዳ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ ሱቁ መጥተው አባቴን፣

“አይተነዋል። ቤቱ ክረምቱን አይሻገርም። ዝናቡ ሳይጠነክር ቀጥ ካላለ ይፈርሳል” አሉት።

ቤቱ አሉ። ቤቱ ማለት ከእኛ ቤት ሌላ ምን ቤት አለ? ስኳሩ አፌ ውስጥ መረረኝ። ትንፋሼ ቀጥ አለ።

“መጠገን አይሻልም?” አለ አባቴ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

“ይኼ ተጠግኖ! ሰው ላይ ከሚወድቅ ቢፈርስ ይሻላል። ውሳኔ ነው።”

ማን እንደከሰሰን ለማወቅ ፍርድ ቤት አላስፈለገኝም። ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው ማን ነው? ቀበሌውን ሁሉ የሚያውቀው ማን ነው? በዚያው ቀን አቶ ወልደ ማርያም በበራችን ሲያልፉ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ መደርደሪያ ሲያስተካክል አየሁት፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረም። በማግሥቱም ሲመጡ አይቶ መንገድ ተሻገረ። እንደዚያ ሳቂታ የነበረ ሰው! በልጅ ልቤ አባቴ ፈሪ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ አፈርኩበትም። ዛሬ ግን ትልቅ ሰው ስሆን ገብቶኛል፤ ፍርሃት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። የአባቴን ትዕግሥት የሚያህል ትዕግሥት በሀዲያ ምድር አልታየም።

“አባቴ ምን አሉ ያኔ?” አለች ወይንሸት በቀስታ።

“ያንቺ አባትማ ኮስተር ብለው ያልፉ ነበር። ከሶ የሚስቅ ሰው አለ?”

ሻይዋን ፉት አለች። ቀጠልኩ።

ማታ እራት ላይ እናቴ ቆጮውን እየቆረሰች “አንተ ሰውዬ፣ ልጆች አሉ እኮ። በዚህ ዝናብ ልጆቹ የት ይገባሉ?” አለችው።

“እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ ነው? አሁን ነገሩ ከእጄ ወጥቷል።”

“ከእጅህ ከወጣ በእግርህ ሂድበት።”

ልጆቹ እኔና ታናሽ ወንድሜ አሕመዲን መሆናችን ነው። የት እንደምንገባ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ሀቢቾ፣ አክስታችን ቤት። የአክስታችን አውራ ዶሮ ደግሞ ሰው ነካሽ ነው። በበነጋው የደብተር ቦርሳዬን አራግፌ የወደፊት ኑሮዬን ጠቀጠቅኩበት፤ የኢድ ቀሚሴን፣ የወንድሜን ካልሲ፣ ለአውራ ዶሮው የሚሆን ዱላ። እናቴ ያዘችኝ።

“ወዴት ነው ጉዞው?”

“ሀቢቾ። ቤታችን ሲፈርስ ልጆቹ የሚገቡበት።”

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ። እጄን ይዛ እስከ ሱቁ ጎትታ አባቴ ፊት አቆመችኝ። “ንገሪው፤ ያልሽኝን ለእሱም ንገሪው” አለችኝ። ነገርኩት። አባቴ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። እናቴ “ሰማህ?” ብላው ወጣች። እኔም አስተዋይነቴን ልታስመሰክርልኝ ነው ብዬ አንገቴን ቀና አደረግኩ።

አንገቴን ቀና አድርጌ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የዚያ ሰሞን ቀጥ የሚለው ነገር ከየአቅጣጫው ይመጣብኝ ነበር። ሰልፍ ላይ አስተማሪያችን “ቀጥ ብላችሁ ቁሙ!” ይላሉ። እናቴ ሹሩባ ስትሠራኝ “ቀጥ በይ፣ አትወዛወዢ” ትላለች። የሠፈር ሴቶች ስለ አንዲት ሙሽራ ሲያወሩ “ባሏን ቀጥ ለጥ አድርጋ ነው የያዘችው” ይባባላሉ። ነገሩን ሳጠናው አንድ ነው፤ ቀጥ የሚባለው ሲፈራ ነው። እንግዲህ ቤታችንም ቀጥ እንዲል የሚያስፈራው ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው። አርጩሜ ቆርጬ መተላለፊያዋ ውስጥ ገባሁ።

“ቀጥ በል!” አልኩት ግድግዳውን። ዝም። “አንተን እኮ ነው! ቀጥ በል!” ገረፍኩት። ጭቃው ተቦድሶ እግሬ ላይ ወደቀ። እኔ ሳለቅስ ወይንሸት በእነሱ በኩል ብቅ ብላ “ምን አጠፋ?” አለችኝ። “ዘመመ” አልኳት። እሷም አርጩሜ ይዛ መጥታ የእነሱን ግድግዳ ገረፈችልኝ።

“ይኼስ እውነት ነው” አለች ወይንሸት ለኤሊያስ፣ ፈገግ ብላ።

“አየህ?” አልኩት።

በሳምንቱ አባቴ ሺንሺቾ ድረስ ሄዶ ጋሽ ጥላዬ የሚባል አናጢ ይዞ መጣ። እንደ ጋሽ ጥላዬ ያለ ወሬኛ አላየሁም፤ እኔን ሳይጨምር። ሆሳዕና ውስጥ እሱ ያልሠራው ቤት ሁሉ የወፍ ጎጆ ነው። እርሳስ በጆሮው፣ ሜትር በኪሱ፣ ቱንቢው ደግሞ በአንገቱ እንደ ማተብ።

ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ክሩን አስያዘኝ። “እጅሽን ከግድግዳው አናት አታንቀሳቅሺ፤ ብረቱን እኔ እለቀዋለሁ” አለኝ። ብረቱ ወረደ። ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ ተወዛወዘ። እኔ ቀጥ ማለት ወደ ላይ መሄድ ነበር የሚመስለኝ፤ ጋሽ ጥላዬ ግን የሚፈልገው ወደ ታች ነው። ደግሞም አልተቆጣውም፣ አልገረፈውም። ሲጋራውን እያጨሰ ብረቱ በራሱ ጊዜ እስኪረጋ ጠበቀው። ሲረጋ ክሩ ከግድግዳው ጋር ከላይ እስከ ታች እኩል ሄደ።

“ይኼማ ወታደር ነው! ማን ሠራው?” አለ።

“እኔ” አለ አባቴ፣ ቅር ብሎት። ቤቱ ቀጥ ማለቱ ቅር የሚያሰኘው ሰው ታይቶ ይታወቃል?

ከዚያ ጋሽ ጥላዬ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ዞረና በአቶ ወልደ ማርያም ግድግዳ ላይ ብረቱን ለቀቀው። እዚያ ብረቱ ግድግዳውን ትቶት ሄደ፤ መሬት ሲደርስ በመካከላቸው የሰው ጭን ያህል ክፍተት ነበር። ጋሽ ጥላዬ አፏጨ።

“ድምፅህን ቀንስ” አለው አባቴ። “አየህ? ዓይኔ አልተሳሳተም፤ ግን ይኼን ያህል አልመሰለኝም ነበር።” ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። “ይድናል?”

“ሰው ካለ ይድናል። ገመድ ካለ፣ ጉልበት ካለ። ግን በማን ወጪ?”

“እሱን ለእኔ ተወው።”

እዚህ ላይ ኤሊያስ አቋረጠኝ። “ቆይ እትዬ። የእናንተ ቤት ቀጥ ካለ፣ የዘመመው የእነሱ ከሆነ፣ ነገሩ አለቀ አይደል? ቀበሌ ጠርቶ ማሳየት ነው።”

“አንተ ብትሆን እንደዚያ ታደርጋለህ። አባቴ ግን አንተ አይደለም” አልኩት። የታሪኩ ክብር ያለው እዚህ ላይ ነውና ተነስቼ ቆምኩ። “አባቴ እንዲህ ብሎ አሰበ፤ ቀበሌ የዘመመው የወልደ ማርያም ቤት መሆኑን ካወቀ ወልደ ማርያምን ያስወጣዋል። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከደሞዛቸው በቀር ምንም የላቸውም፤ ልጆቻቸው ዝናብ ላይ ሊወድቁ ነው። የከሰሰውን ሰው ልጆች አሰበ! እናም ምን አደረገ? የራሱን ቀጥ ያለ ቤት አዘመመ። ሁለቱ ቤቶች ወደ አንድ ወገን ከዘመሙ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል ይሆናል። እኩል ከሆነ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሏል ይላል። ቀበሌ ቱንቢ ይዞ አይዞርማ!”

ኤሊያስ አፉን ከፈተ። “ቤቱን አዘመመ?”

“አዘመመ!”

እሁድ ዕለት ሠፈሩ ከጸሎት ሲመለስ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ቤት የዘመመበት ሰው ሲኖር በገመድ ስቦ ማቅናት የሠፈራችን ደንብ ነው፤ ማንም አይከፈልም፣ ማንም አይቀርም። ሦስት መቶ ሰው ነበር።

“ሃያ ብንሆን ነው” አለች ወይንሸት።

“ልጆችን ስለማትቆጥሪ ነዋ።” የሕዝቡ መሪ ወንዳፈረው የሚባል ግዙፍ ሀዲያ ጎረቤታችን ነበር፤ ድምፁ ጃጁራ ገበያ ድረስ ይሰማል። ሕዝቡ ግቢያችን አልበቃው ብሎ አቶ ወልደ ማርያም ግቢ ውስጥ ነው የሞላው። ዕቃ ወጣ፤ አልጋው፣ ሳጥኑ፣ የማርያም ሥዕል ሳይቀር ወጥቶ ሣር ላይ ቆመ።

“እናንተ ቤት የማርያም ሥዕል ነበር?” አለ ኤሊያስ።

“የእነሱ ነው! ለጥንቃቄ እነሱም አውጥተው ይሆናል። አታቋርጠኝ።”

ቋሚዎቹ እንዲላወሱ ከግድግዳው ሥር ጭቃውን አራገፉ። የጣሪያውን ሚስማር ላላ አደረጉ። በላይኛው ግንድ ላይ የቃጫ ገመድ አሰሩ፤ ቤቱ ሄዶ ሄዶ እንዳይገለበጥ በወዲያኛው በኩል ባላ ደገፉለት። ጋሽ ጥላዬ ቱንቢውን ለእኔ ሰጠኝ። “ሰዉ ሁሉ ያንቺን ድምፅ ነው የሚጠብቀው” አለኝ። ወንዳፈረው “ሆ—!” አለ፤ ሠፈሩ “ሆ!” ብሎ ተቀበለው። ገመዱ ተወጠረ። ቤቱ አቃሰተ። እንዴት ያለ ማቃሰት! ምጥ የያዛት ሴት እንደዚያ አታቃስትም። የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ከሁሉ ፊት የሚስበው አባቴ ነበር። አቶ ወልደ ማርያም ኮታቸውን እንደለበሱ ዳር ቆመው ያዩታል። ትንሽ ቆይተው ኮታቸውን አወለቁ፣ አጥሩ ላይ ሰቀሉትና ከአባቴ ኋላ ገመዱን ያዙ። እኔ ክሩን አየሁ፣ ግድግዳውን አየሁ፣ “ቁም!” ብዬ ጮህኩ። ቆመ። ባልጮህ ኖሮ ቤቱ እየሄደ ሺንሺቾ ይገባ ነበር።

ጋሽ ጥላዬ ቤቱ ተመልሶ እንዳይዘም እንጨት በሰያፍ መታበት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ አታካና፣ ያንን በቅቤ የራሰ የሀዲያ ምግብ፣ ሠርታ አቀረበች፤ ቅቤው በክርን ይወርዳል። የወይንሸት እናት እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ያኔ ቤታችን ሳይፈርስ በመቅረቱ የተናደደች ነበር የመሰለኝ። ዛሬ ግን አውቃለሁ፤ ባሏ የሠራውን አውቃ በእፍረት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ የቀበሌ ሰዎቹ መጥተው ቀና አሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ “ቀጥ ብሏል” ብለው ሄዱ። እኛም በዘመመ ቤት ውስጥ ቀጥ ብለን ኖርን። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጎረቤቱን እንዳያሳፍር ነው።

ጨረስኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ኤሊያስ ግን አልተንቀሳቀሰም።

“አባትዎ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ እትዬ።”

“እንዴታ!” አልኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ይኼን ታሪክ ስነግር ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያስለቅሰኛል። “ንገሪው እንጂ ወይንሸት፣ እውነት አይደለም?”

ወይንሸት ባዶ ብርጭቆዋን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። ክፍል ውስጥ ያጠፋ ተማሪን ለብቻው ጠርታ እንደምታነጋግር ነበር ድምፅዋ።

“ሃቢባዬ፣ የተሳበው የኛ ቤት ነው።”

“የናንተ?”

“የኛ። የናንተ ቤት ምንም አልሆነም፣ ማንም ምንም አላለው። የኛ ነበር ወደ ሱቃችሁ የዘመመው። ለቀበሌ የተናገሩትም አባትሽ ናቸው። ቀበሌ ቤቱን የሚያስጠግንልን ነበር የመሰላቸው፤ ቀበሌ ግን ይፍረስ፣ ልቀቁ አለን። መግቢያ አልነበረንም። አባቴ ከዚያ በኋላ አባትሽን ሰላም አላሏቸውም።”

ኤሊያስ እኔን ላለማየት ቱንቢውን ያገላብጥ ጀመር።

“ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ” አለች። “አንቺ ታናሽ እህቴን ፀደንያን አዝለሽ በር ላይ ቆመሽ ነበር፤ በጣም ፈርተሽ። አናጢውን ያመጡት ግን አባትሽ ናቸው፤ እሱ ልክ ነሽ። ሠፈሩን ቤት ለቤት ዞረው የለመኑትም እሳቸው ናቸው። ፊት ሆነው ሲስቡ ገመዱ መዳፋቸውን ልጦት ነበር፤ እስኪያልቅ ግን ለማንም አላሳዩም።” ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። “እናቴ ናት አይታ ቁጭ አድርጋ ቅቤ የቀባቻቸው።”